ገዢ ባይኖር ሌባ አይኖርም



 

ዛሬ የማነሳላችሁ ጉዳይ በየቀኑ ስንናደድበት የምንውል፣ ነገር ግን ከሥሩ የማንመረምረው ነው። ይኸውም የእጅ ስልክ ስርቆት ነው። በታክሲ መስኮት እጁን ሰዶ ስልክ ነጥቆ የሚሮጠውን፣ በገበያ ግርግር ኪስ የሚያወልቀውን፣ ይባስ ብሎም ሰጋጁ ሱጁድ ላይ ሳለ ከአጠገቡ ያኖረውን ስልክ አንስቶ የሚወጣውን እንራገማለን። ቢራገሙትም አይፈረድም። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይህ ሰው በቀን ሦስት አራት ስልክ ቢሰርቅ ምን ያደርግለታል? ሦስት አራት ጆሮ የለው! ስልክ አይበላ፣ አይለበስ። ስልኩ እንጀራ የሚሆነው ሌላ ሰው ገንዘብ ቆጥሮ ሲሰጠው ብቻ ነው። ያ ሌላ ሰው ማነው? በጨለማ የሚዞር ወንበዴ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሰግድ፣ የሚጾም፣ በቀን ብርሃን ሱቁን ከፍቶ የሚውል፣ እኔና እናንተ ቆመን ሰላምታ የምንሰጠው ሰው ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ከአንድ ወጣት የቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ለዘመድ ጥየቃ ወደ ላስታ ሄጄ በላሊበላ ከተማ ጥቂት ቀናት ሰንብቼ ነበር። ከአንድ ወጥ አለት ተፈልፍለው የተሠሩት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ መሆናቸው ይታወቃል። የከተማው ሕዝብ በአብዛኛው ክርስቲያን ቢሆንም በቁጥር ጥቂት የሆኑ ሙስሊም ወንድሞቻችንም ደስታና ኀዘንን ከጎረቤት ጋር እየተካፈሉ ይኖሩበታል። ቅዳሜ ገበያ ነው። የላስታ ገበሬ እህሉን፣ ማሩንና ፍየሉን ይዞ ከየተራራው ይወርዳል። ዛሬ ታዲያ ከገብሱና ከማሩ ጎን ቻርጀርና ያገለገለ ስልክም ይሸጣል።

በዚያ ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ ስልክ የሚጠግን አንድ ወጣት ጠጋ አለኝና እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ አንድ ልጅ ካርቶን የሌለው ስማርት ስልክ በግማሽ ዋጋ አምጥቶልኛል። የሰረቅሁት እኔ አይደለሁም። እኔ ብተወው ሌላው ይገዛዋል። ደግሞስ መሰረቁን በምን አውቃለሁ? ገዝቼ ብሸጠው ምን አለበት?»

ወጣቱ በመጠየቁ አላህ ይውደደው። ብዙዎቻችን ሳንጠይቅ ገዝተን የምንገባ ነን። በአጭሩ «አትግዛው» ብዬ መለስኩለት። ይሁን እንጂ ጥያቄው የእርሱ ብቻ ስላልሆነ መልሱን በዚህ ገጽ ላሰፋው ወደድሁ።

መስቀሉና ገዢው

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። የላሊበላ ከተማ ራሷ ታውቀዋለች። በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1997) ከቤተ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን «አፍሮ አይገባ» የሚባለው ዘመናትን ያስቆጠረ መስቀል ተሰረቀ። ምእመናኑ ሲታመሙ የሚዳሰሱበት፣ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የቆየ ነው ብለው የሚያከብሩት መስቀል ነበር። ሕዝቡ አለቀሰ፤ አገር ተሸበረ። መስቀሉ የተመለሰው ከአራት ዓመታት በኋላ በ1993 ዓ.ም. ነው። የተገኘውም የጥንት ዕቃ ከሚሰበስብ አንድ የቤልጅየም ሰው እጅ ሲሆን ሰውየው በ25 ሺህ የአሜሪካን ዶላር ገዝቶት ነበር።

እኛ ሙስሊሞች ነን፤ መስቀል የእምነታችን ምልክት አይደለም። ነገር ግን ይህን ታሪክ ልብ ብለን ብንመለከተው ትልቅ ትምህርት አለው። መስቀሉ ላሊበላ ውስጥ ገዢ አልነበረውም። ለምን? እያንዳንዱ ሰው ያውቀዋልና ነው። ሕፃኑ እንኳ «ይህ የማን ነው? ከየት አመጣኸው?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ባለቤቱ ወደማይታወቅበት፣ ጠያቂ ወደሌለበትና ገንዘብ ብቻ ወደሚናገርበት አገር ሄደ። የተሰረቀ ዕቃ ሁልጊዜ የሚሸሸው ከሚጠይቅ ሰው ነው። ማረፊያውም የማይጠይቅ ሰው ቤት ነው።

ስልክም እንዲሁ ነው። በቅዳሜ ገበያ ከአንዲት እናት መቀነት የወጣ ስልክ በዚያው ቀን ከደላላ ወደ ደላላ ይተላለፋል። ሲም ካርዱ ተወርውሮ፣ ፎርማት ተደርጎ ወይም ተፈትቶ ስክሪኑና ባትሪው ለየብቻ ይሸጣል። ከላሊበላ የተሰረቀው ወልድያ ወይም ደሴ፣ ከአዲስ አበባ የተሰረቀው ደግሞ ክፍለ አገር ሄዶ ይሸጣል። ሁሉም የሚሄደው «የማን ነው?» የሚል ወደሌለበት ነው።

የተሰረቀው ምንድን ነው?

የእጅ ስልክ አገልግሎት በአገራችን የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። በዚያን ጊዜ ስልክ የባለሀብት ጌጥ ነበር። ዛሬ ግን ከገጠር እስከ ከተማ የደሃው አፍና ጆሮ ሆኗል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ስልክ የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። የባንክ ሒሳቡም፣ የመታወቂያው ፎቶግራፍም፣ የቤተሰቡ ምስልም እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ስልክ የሰረቀ ሰው የሰረቀው ዕቃ ብቻ አይደለም።

እዚያው ላሊበላ ሳለሁ ሴት ልጃቸው ሳዑዲ ዐረቢያ ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት ክርስቲያን እናት በገበያ ስልካቸው መሰረቁን ሲናገሩ ሰማሁ። ስልኩ ባለ ቁልፍ፣ ዋጋው ዝቅተኛ ነበር። የልጃቸው ቁጥር ግን በወረቀት አልተጻፈም፤ ያለው እዚያ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። «አይዞዎት እማማ፣ አላህ ይተካልዎታል» ብላቸው ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ? «ልጄ፣ ስልኩንስ ይውሰደው። እሷ ግን ስትደውል ዝም ስላት ሞታለች ብላ ታለቅስብኛለች።» ከወሎ ስንት እኅቶቻችን ባሕር ተሻግረው በሰው ቤት እየሠሩ እንደሚኖሩ ለእናንተ አልነግራችሁም። በዚህ በኩል ያለችው እናት፣ በዚያ በኩል ያለችው ልጅ፣ በመካከላቸው ያለው ድልድይ ያ ትንሽ ስልክ ነው። ሌባው ድልድዩን አፈረሰ። ገዢው ደግሞ የፍራሹን እንጨት በርካሽ ገዛ።

ሦስቱ ሰበቦች

አሁን ወደ ወጣቱ ሦስት ሰበቦች እንመለስ።

አንደኛው «የሰረቅሁት እኔ አይደለሁም» የሚለው ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳህ 2ኛ አንቀጽ በመልካም ሥራና እርሱን በመፍራት እንድንተጋገዝ ሲያዘን፣ በኃጢአትና ወሰን በማለፍ ላይ ግን እንዳንተጋገዝ ከልክሎናል። ለሌባ ገንዘብ ከመስጠት የበለጠ እገዛ ምን አለ? በሱረቱል በቀራህ 188ኛ አንቀጽም የሰውን ገንዘብ ያለ አግባብ መብላት ተከልክሏል። ክልከላው በገዛ እጁ ለሰረቀው ብቻ የመጣ አይደለም። በሸሪዓ ሰው የራሱ ያልሆነውን ነገር መሸጥ አይችልም። ስለዚህ ሌባው ሲሸጥልህ የሸጠልህ ነገር የለም። ገንዘብህን ከፍለሃል፤ ስልኩ ግን አሁንም የዚያች እናት ነው።

«እርሷኮ ሙስሊም አይደለችም» የሚል ካለ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ታሪክ ያንብብ። ሙጊራ ቢን ሹዕባ (ረ.ዐ.) ከመስለሙ በፊት የጉዞ ጓደኞቹ የነበሩ ሙሽሪኮችን ገድሎ ገንዘባቸውን ይዞ መዲና መጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እስልምናውን ተቀበሉት፤ ከገንዘቡ ግን ምንም እንደማይነኩ ነገሩት። የገንዘቡ ባለቤቶች ሙሽሪኮች ነበሩ፤ ያም ሆኖ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጃቸውን ሰበሰቡ። ከመካ ለሂጅራ በወጡበት ጊዜም ሊገድሏቸው ያሤሩት ቁረይሾች በአማና ያስቀመጡባቸውን ንብረት ለየባለቤቱ እንዲመልስ ዐሊይን (ረ.ዐ.) ወደኋላ አስቀርተዋል። የጠላት አማና እንዲህ ከተጠበቀ፣ ቡና የምታጣጣህ የጎረቤት እናት ስልክ እንዴት ይሁን?

ሁለተኛው ሰበብ «እኔ ብተወው ሌላው ይገዛዋል» የሚለው ነው። ይገዛው! በቂያማ ቀን የምትቆመው ለብቻህ ነው። ማንም የሌላውን ሸክም እንደማይሸከም በሱረቱ ነጅም 38ኛ አንቀጽ ተነግሮናል። ደግሞም በዚህ ዓለም ሒሳብ ቢሆን አባባሉ ስህተት ነው። በአንድ ከተማ አሥር ስልክ ጠጋኞች ቢኖሩና ሰባቱ «አንገዛም» ቢሉ ሌባው ወደቀሩት ሦስት ይሄዳል። ሦስቱም ይህን ስለሚያውቁ ዋጋውን ይሰብሩበታል። ዋጋው ሲሰበር ድካሙና አደጋው ያው ሆኖ ትርፉ ይቀንሳል። አንተ እምቢ ያልክበት ስልክ ዛሬ ሌላ ቢገዛውም ነገ ሊሰረቅ የነበረውን አንድ ስልክ ታድነሃል።

ሦስተኛው «መሰረቁን በምን አውቃለሁ?» የሚለው ነው። ኑዕማን ቢን በሺር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ታዋቂ ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐላሉም ሐራሙም ግልጽ መሆኑን፣ በመካከላቸው ግን አጠራጣሪ ነገሮች እንዳሉ አስተምረው፣ በአጠራጣሪው የሚዘፈቀውን ሰው ክልል ዳር ከብቱን በሚያሰማራ እረኛ መስለውታል። ይህን ምሳሌ ለላስታ እረኛ ማብራራት አያስፈልግም። የሰው ገብስ ዳር በሬውን ያሰማራ ልጅ ማታ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ካርቶንና ደረሰኝ የሌለው፣ ሻጩ ራሱ የይለፍ ቃሉን የማያውቀው፣ በግማሽ ዋጋ የቀረበ፣ «ቶሎ በል፣ መኪና እንዳያመልጠኝ» የሚባልበት ስልክ ስለ ራሱ አይናገርምን? የአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 682 የስርቆት ፍሬ መሆኑን እያወቀ ብቻ ሳይሆን ማወቅ ሲገባው የገዛውንና የተቀበለውን ሰው በመሸሸግ ወንጀል ይቀጣል። «አላውቅም» ማለት በአላህ ፊትም ሆነ በዳኛ ፊት የሚያድን ሰበብ አይደለም።

ዱላው አያዋጣም

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ገዢ ገዢ ትላለህ፣ ሌባውን በዱላ ብንለው አይሻልም?» ሊለኝ ይችላል። በከተሞቻችን «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ነገሩን ያላየው ሁሉ ድንጋይ አንስቶ ይሮጣል። አንዳንዱም ይህን ሸሪዓ ይመስለዋል። አስተግፊሩላህ! ሸሪዓ ከዚህ የራቀ ነው።

በሱረቱል ማኢዳህ 38ኛ አንቀጽ ስለ ሌባ ቅጣት የተነገረውን ሁሉም ይጠቅሰዋል። ዑለማዎች ያስቀመጧቸውን መስፈርቶች ግን የሚጠቅሳቸው ጥቂት ነው። ጉዳዩ ለዳኛ መቅረብ አለበት። የተሰረቀው ነገር ዋጋ በሻፊዒይ መዝሀብ ሩብ ዲናር፣ በሐነፊይ አሥር ድርሃም መድረስ አለበት። ዕቃው በተገቢው መጠበቂያ ውስጥ የነበረ መሆን አለበት። ነጥቆ የሚሮጠው ሰው እንኳ ቅጣቱ በዳኛ ውሳኔ የሚወሰን ሌላ ቅጣት እንጂ ያኛው እንዳልሆነ ፉቀሃዎች ለይተው አስቀምጠዋል። ይህን ሁሉ የለዩት የሰው አካልና ክብር ከባድ ስለሆነ ነው። የመንገድ ዱላ ግን ይህን አይለይም፣ አይጠይቅም፣ ምስክር አይሰማም።

የሶፍዋን ቢን ኡመያን (ረ.ዐ.) ታሪክ እንመልከት። መስጂድ ውስጥ ኩታውን ተንተርሶ ተኝቶ ሳለ ሌባ መጥቶ ሰረቀው። ያዘውና ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቀረበው። ቅጣቱ ሲወሰን ሶፍዋን ደነገጠና ኩታውን ለሌባው እንደሰጠው ተናገረ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ይህንን ከማምጣትህ በፊት ማድረግ ነበረብህ አሉት። ከዚህ የምንማረው በመስጂድ ውስጥ መሰረቅ ዛሬ የመጣ አለመሆኑን ብቻ አይደለም። ለተሰረቀ ሰው ሁለት በር እንዳለው እንማራለን፤ አንዱ ይቅርታ፣ ሌላው ዳኛ ነው። ሦስተኛ በር የለም። የመንገዱ ድንጋይ ከሁለቱም ውስጥ የለበትም።

በጥርጣሬ ሰው መንካትም እንዲሁ ነው። በአገራችን በቀድሞ ዘመን «ሌባሻይ» የሚባል ነበር፤ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁትና የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ዛሬ ይህን ስንሰማ እንስቃለን። ነገር ግን ልብሱ የተቀደደውን ልጅ ሁሉ «ይሄ ነው የወሰደው» ብለን ስንይዝ ከሌባሻይ በምን ተሻልን? የሱረቱ ኒሳእ 105ኛ አንቀጽና ተከታዮቹ የወረዱት፣ ሙፈሲሮች እንደዘገቡት፣ ከኡበይሪቅ ቤተሰብ የሆነ ሰው ጥሩር ሰርቆ በአንድ አይሁዳዊ ላይ ባላከከ ጊዜ ነው። ቁርኣን አይሁዳዊውን ነፃ አወጣ፤ በሙስሊም ስም የሚጠራውን ሌባ አጋለጠ። እንግዲህ ሌባውን የእኛ ሰፈር ልጅ ነው ብሎ መሸሸግም፣ የሌላ ነው ብሎ መወንጀልም ሁለቱም ተዘግተዋል። ከመኽዙም ጎሣ የሆነች የተከበረች ሴት ሰርቃ ኡሳማ (ረ.ዐ.) ሊያማልዳት በመጣ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን ያህል እንደተቆጡ የምታውቁት ነው።

የራበው እጅ

ስለ ቅጣት የሚያወራ ሰው ስለ ረሃብም ማውራት አለበት። ዑመር (ረ.ዐ.) በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ በረማዳ ድርቅ ዘመን የስርቆትን ቅጣት አቁመዋል። የሓጢብ አገልጋዮች የአንድ ሰው ግመል ሰርቀው ባረዱ ጊዜም እንደሚያስርባቸው ሲረዱ የግመሉን ዋጋ እጥፍ፣ ማለትም ለአራት መቶ ድርሃም ግመል ስምንት መቶ ድርሃም፣ ጌታቸው እንዲከፍል ፈርደዋል።

ላሊበላ እንግዳ እያስተናገደች የምትኖር ከተማ ናት። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ። እንግዳ ሲቀር አስጎብኚው፣ የሆቴል አስተናጋጁ፣ ዕቃ ተሸካሚው ሥራ ፈታ። ድህነት ስርቆትን ሐላል አያደርግም፤ ከእነዚህ አብዛኞቹም ቢቸገሩም የሰው ዕቃ አልነኩም። ነገር ግን ዘካውን የሚያስቀር ሀብታም፣ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያዘገይ አሠሪ፣ ከሓጢብ ታሪክ ራሱን ይመርምር።

በዚያው ከተማ ያየሁትን አንድ መልካም ነገር ልንገራችሁ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ደጃፍ እንግዳው ጫማውን አውልቆ ሲገባ ጫማ የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ያለ ጠባቂ ቢተው ጫማ ሊሰረቅ የሚችልበት ቦታ ነው። ልጁ ግን አማና ተሰጥቶታል፣ ለድካሙም ጥቂት ብር ይከፈለዋል። ስለዚህ ሌላው እንዳይሰርቅ ይጠብቃል። ሥራ የሌለውን እጅ ጠባቂ ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። የመስጂዶቻችን ኮሚቴዎችስ ለምን ይህን አያደርጉም? በጁሙዓ ቀን በዉዱእ ቦታና በጫማ መደርደሪያው ዘንድ ሁለት ሥራ ፈት ወጣቶችን በትንሽ ክፍያ ማቆም ለጀመዓው ከባድ ወጪ አይደለም። ከስርቆት የሚድነው ስልክ ብቻ ሳይሆን ወጣቶቹም ጭምር ናቸው።

ዓለም ምን አደረገ?

ገዢን ማጥፋት ሌባን እንደሚያጠፋ በሌላው ዓለምም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 አፕል ኩባንያ የተሰረቀ አይፎን ያለባለቤቱ የይለፍ ቃል እንዳይሠራ የሚያደርግ መቆለፊያ አወጣ። በተከታዮቹ አሥራ ሁለት ወራት የአይፎን ስርቆት በሳንፍራንሲስኮ በ40 ከመቶ፣ በኒውዮርክ በ25 ከመቶ፣ በለንደን ደግሞ የስማርት ስልክ ስርቆት በግማሽ መቀነሱን ሮይተርስ በ2015 ዘግቧል። ፖሊስ አልበዛም፤ የሌባው ልብም አልተለወጠም። የተቆለፈ ስልክ የሚገዛ ግን ጠፋ። ከዓመታት በኋላ ግን ሌቦቹ ሌላ ገዢ አገኙ። በ2025 የለንደን ፖሊስ እስከ 40 ሺህ የሚደርሱ ስልኮችን ወደ ቻይና አሻግሯል ብሎ የጠረጠረውን ቡድን መያዙን አስታውቋል። መቆለፊያው በቦታው እያለ ገዢው ሲመለስ ስርቆቱም ተመለሰ።

በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ስልኮችን በመለያ ቁጥራቸው የመመዝገብ አሠራር ጀምሮ ነበር። አሠራሩ ኋላ ቢቀርም ቁጥሩ ግን ዛሬም በእያንዳንዱ ስልክ ላይ አለ። ይህን ቁጥር የሚጠይቅ ነጋዴና የሚያውቅ ባለቤት ከተገኙ ብዙ ነገር ይለወጣል።

ምን እናድርግ?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ላለው ሰው መጀመሪያ እንዲያስርና ከዚያ እንዲመካ ነግረውታል። ስለዚህ ግመላችንን እንሰር።

ስልክህ ላይ ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ ስድስት፣ መሰላል ብትመታ አሥራ አምስት አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር ይወጣልሃል። በወረቀት ጽፈህ ከካርቶኑ ጋር ቤት አስቀምጥ። የቅርብ ዘመዶችህን ቁጥር በደብተር ጻፍ፤ በተለይ ለወላጆቻችሁ ጻፉላቸው። ስልክህን በይለፍ ቃል ቆልፍ። የቴሌብርና የባንክ ምስጢር ቁጥርህን የልደት ዓመትህ አታድርገው፣ በስልኩም ውስጥ አትጻፈው። በሚኒባስ መስኮት ዳር ተቀምጠህ ስልክ ጆሮህ ላይ አታድርግ። በገበያና በበዓል ግርግር በኋላ ኪስህ አታስቀምጥ። ምራቅ ተፋብህ ብሎ የሚጠርግልህ፣ ሳታውቀው የሚገፋህና ይቅርታ የሚያበዛ ሰው ሲያጋጥምህ አስቀድመህ ኪስህን ያዝ። ዉዱእ ስታደርግ ስልክህን ከቧንቧው ግድግዳ ላይ አታኑር። ከተሰረቅህ ደግሞ ሳትውል ሳታድር ሲምህን ለማዘጋት ወደ 994 አስደውል፣ ባንክህን አሳውቅ፣ ለፖሊስ መለያ ቁጥሩን አስመዝግብ።

ወድቆ ያገኘኸው ስልክ «ሪዝቅ ነው» አይባልም። በእስልምና የወደቀ ገንዘብ አንድ ዓመት ሙሉ ይነገርለታል። ስልክ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ የሚደውልበት ነገር ነው፤ ስለዚህ አታጥፋው፣ ሲጠራ አንሳው።

እናንተ ነጋዴና ጠጋኝ ወንድሞቼ! በሱቃችሁ አንድ ደብተር ክፈቱ። ያገለገለ ስልክ ሊሸጥ የመጣውን ሰው ስሙን፣ መታወቂያውንና የስልኩን መለያ ቁጥር ጻፉ። ሐቀኛ ሻጭ አይቆጣም። ሌባ ግን ደብተር ሲያይ «ቆይ መጣሁ» ብሎ ይወጣል፤ አይመለስምም። ይህ ደብተር ከፖሊስ ክስም፣ ከቂያማ ክስም ይጠብቃችኋል። በአንድ መንገድ ያላችሁ ነጋዴዎች ተስማምታችሁ ብትጀምሩት ሌባ በመንገዳችሁ አያልፍም።

አንተም በዚህ ሥራ ላይ ያለህ ወንድሜ ይህ ጽሑፍ እጅህ ቢገባ፣ ከስርቆቱ አንቀጽ ቀጥሎ ያለውን 39ኛውን አንቀጽ አንብብ። አላህ የበደለውንና የተጸጸተውን ሰው እንደሚምር ይነግርሃል። ነገር ግን በሰው ሐቅ ላይ የሚደረግ ተውበት ሐቁን ሳይመልሱ አይሟላም። ስልኩ ውስጥ «እማዬ» የሚል ስም ታገኛለህ። እዚያ ደውል።

ያ የላሊበላ ወጣት ስልኩን ሳይገዛ ቀረ። ልጁም ወደ ሌላ ሱቅ ሄደ። ምናልባት እዚያ ተገዝቶለታል። ነገር ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ወጣት «ካርቶኑ የታለ?» ቢለው፣ በዚያኛውም ቅዳሜ ሌላው ቢለው፣ ገበያው ራሱ ሌባውን ያባርረዋል። ይህ የእያንዳንዳችን ኪስና ምላስ ጉዳይ ነው። ርካሽ ስልክ ሲቀርብልን ከመደሰታችን በፊት «የማን ነው?» እንበል።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን። የተሰረቁትን ይካሳቸው፣ የሰረቁትን ወደ ተውበት ይምራቸው፣ እኛንም ከሰው ሐቅ ይጠብቀን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።